«ምንም አልተገኘም» የተባለው ዲኤንኤ እንደገና ሲነበብ

በዘረመል ምርመራ ወረቀት ላይ እንደ «ምንም አልተገኘም» ወላጅን ግራ የሚያጋባ ነገር የለም። ልጁ ታሟል። መታመሙን ቤተሰቡም ሐኪሙም ያያሉ። ምክንያቱ ከዘር ሳይመጣ አይቀርም ተብሎ ደም ተሰጥቷል፤ ለወራት ተጠብቋል። የመጣው መልስ ግን «በሽታ አምጪ ለውጥ አልታየም» የሚል ነው። ታዲያ ልጁን ያመመው ምንድን ነው? ብዙ ቤተሰብ እዚህ ጋ ሲደርስ ይዝላል። ከአንዱ ስፔሻሊስት ወደ ሌላው ይመላለሳል። እናት «በእርግዝናዬ ጊዜ ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን?» እያለች ራሷን መውቀስ ትጀምራለች።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። «አልተገኘም» እና «የለም» አንድ አይደሉም። ለረጅም ጊዜ ስንገለገልባቸው የኖርነው ማሽኖች በደንብ የማያዩት የዲኤንኤ ክፍል አለ፤ ትንሽም አይደለም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የበሰለው «ረጅም ንባብ» የሚባለው ዘዴ ያንን ክፍል እያሳየን ነው። ኔቸር ሜተድስ የተባለው የሳይንስ መጽሔት ለ2022 የዓመቱ ዘዴ ብሎ የመረጠውም እሱን ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አዝማቹ ስንት ጊዜ ተባለ?

ዲኤንኤ በአራት ፊደላት ይጻፋል፤ ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ። የሰው ጂኖም፣ ማለትም ሙሉው የዲኤንኤ ጽሑፍ፣ ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል ይረዝማል። አንዱን ቅጂ ከእናት፣ ሌላውን ከአባት ስለምንወርስ በአንድ ሴል ውስጥ ወደ 6 ቢሊዮን ይጠጋል። ይህን ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያቋርጥ የሚያነብ ማሽን የለም። ስለዚህ ዲኤንኤው ይቆራረጣል፤ ቁርጥራጮቹ ይነበባሉ፤ ከዚያ ኮምፒውተር ይገጣጥማቸዋል።

በብዙ ላቦራቶሪዎች ውስጥ የሚገኘው፣ ኢሉሚና የተባለው ኩባንያ ማሽን በአንድ ንባብ 150 ያህል ፊደል ያነባል፤ «አጭር ንባብ» የሚባለው ይህ ነው። ርካሽ ነው። ስህተቱም በጣም ጥቂት ነው። አንዲት ፊደል በሌላ ተተክታ ከሆነ ለማግኘት ዛሬም ድንቅ መሣሪያ ነው። በዘር የሚመጡ በሽታዎች ምርመራ እዚህ የደረሰው በእሱ ትከሻ ላይ ሆኖ ነውና ላናንቀው አልፈልግም።

ችግሩ ያለው ድግግሞሽ ላይ ነው። የጂኖማችን ግማሽ ያህሉ የሚመላለስ ጽሑፍ ነው። አንድ የዘፈን ግጥም በወረቀት ተሰጠን እንበል። አዝማቹ በየመሃሉ ይመለሳል። አሁን ወረቀቱን በየሦስት ቃሉ እንቆራርጠው። ስንኞቹን መልሰን መግጠም እንችል ይሆናል። አዝማቹ ግን ስንት ጊዜ ነበር የተባለው? ከየትኛው ቤት በኋላ? የአዝማቹ ቁርጥራጮች ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ማወቅ አይቻልም። ቁርጥራጩ ከአዝማቹ ረዝሞ በፊትና በኋላ ያሉትን ስንኞች ጭምር ከያዘ ግን ነገሩ አለቀ። ረጅም ንባብ ማለት በቃ ይሄ ነው።

ይህ የሊቃውንት ጨዋታ አይደለም። የድግግሞሹ ቁጥር ራሱ በሽታ የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ። ሃንቲንግተን የሚባለውን የአንጎል በሽታ እንውሰድ። በአንድ ጂን ውስጥ «ሲ-ኤ-ጂ» የሚሉት ሦስት ፊደላት ተከታትለው ይደጋገማሉ። ድግግሞሹ 40 እና ከዚያ በላይ ከደረሰ ሰውየው ዕድሜ ከሰጠው በሽታው አይቀርለትም። ፍራጃይል ኤክስ በሚባለው፣ የልጆችን የአእምሮ ዕድገት በሚጎዳው ችግር ደግሞ «ሲ-ጂ-ጂ» ከ200 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። 200 ጊዜ ሦስት 600 ፊደል ነው። በ150 ፊደል ንባብ ይህን መቁጠር አይቻልም። የእንቅስቃሴ ነርቮችን በሚገድለው ኤኤልኤስ ላይ ደግሞ ባለስድስት ፊደል ቃል በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ጊዜ ተደጋግሞ የሚገኝበት ዓይነት አለ።

እነዚህን ለመለካት የቆዩ ዘዴዎች መኖራቸው እውነት ነው። ግን የቆዩት ዘዴዎች አንድ በር ብቻ ነው የሚያንኳኩት። ሐኪሙ አስቀድሞ «ይሄኛው በሽታ ይሆናል» ብሎ ገምቶ ያንን ጂን ብቻ እንዲለኩለት ማዘዝ አለበት። ግምቱ ከሳተ ውጤቱ «ምንም አልተገኘም» ነው። በድግግሞሽ የሚመጡት በሽታዎች ደግሞ በደርዘን የሚቆጠሩ ናቸው፤ ምልክታቸውም ይመሳሰላል። መራመድ ሲከብድ፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ሚዛን ሲጠፋ የቱን አስቀድሞ መጠርጠር ይቻላል? ረጅም ንባብ ሁሉንም በሮች በአንድ ጊዜ ይከፍታል።

በጣም የሚገርመኝ ምሳሌ ከጃፓን የመጣው ነው። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤንአይአይዲ የሚባል የነርቭ ሥርዓት በሽታ አለ። የፓቶሎጂ ሐኪሞች ለአሥርተ ዓመታት ያውቁታል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሴሎቹ ኒውክለስ ውስጥ የተጠራቀመ ነገር ይታያል። ምክንያቱ ግን አልታወቀም ነበር። በ2019 የጃፓን ተመራማሪዎች በረጅም ንባብ ፈልገው አገኙት፤ ኖች2ኤንኤልሲ በሚባል ጂን ላይ «ጂ-ጂ-ሲ» ከልክ በላይ ተደጋግሟል። ለምን እስከዚያ ተደበቀ? ድግግሞሽ መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ይህ ጂን መንትያ የሚመስሉ ወንድሞች አሉት። ፊደላቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነው። አጭር ቁርጥራጭ ሲነበብ የየትኛው ወንድም እንደሆነ መለየት አይቻልም። ስለዚህ በሽታው በድርብ ግድግዳ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ዕውቀት አጥተን አልነበረም፤ የጎደለን መነጽር ነበር።

የጎደለ፣ የተገለበጠ፣ የተደባለቀ

ድግግሞሽ አንዱ ብቻ ነው። አንዳንዴ ከጂን ውስጥ ሙሉ አንቀጽ ይጠፋል፣ ወይም ይገለበጣል፣ ወይም ከሌላ ክሮሞሶም መጥቶ ይገባል። ሳይንቲስቶች መዋቅራዊ ለውጥ ይሉታል። እያንዳንዳችን ከ20 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ለውጦችን ይዘን እንዞራለን፤ አብዛኞቹ ጉዳት የላቸውም። አጭር ንባብ ከእነሱ ግማሹን እንኳ በቅጡ አያገኝም። የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ይፋ ያደረጉት አንድ ታሪክ እዚህ ላይ ብዙ ያስረዳል። ታካሚው በልብ ውስጥ ዕጢ እየተመላለሰ የሚያስቸግረው ሰው ነበር። አጭር ንባብ ምንም አላሳየም። በረጅሙ ሲነበብ ግን ፒአርኬኤአር1ኤ ከሚባል ጂን 2,200 ያህል ፊደል ጎድሎ ተገኘ። ካርኒ ኮምፕሌክስ የሚባል ብርቅ በሽታ ነበር።

አንዳንድ ጂኖች ደግሞ አጠገባቸው የማይሠራ ወይም በከፊል የሚሠራ ቅጂ አላቸው። የሕፃናትን ጡንቻ በሚያመነምነው በሽታ ላይ ኤስኤምኤን1 እና ኤስኤምኤን2 የሚባሉት በጥቂት ፊደላት ብቻ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ሲጠፋ ሕፃኑ ይታመማል፤ የሁለተኛው ብዛት የሕመሙን ክብደት ይወስናል። መድኃኒት ስለመጣለት የትኛው ስንት እንዳለ በትክክል ማወቅ የሕይወት ጉዳይ ሆኗል።

ሌላው ነገር የወገን ጥያቄ ነው። አንድ ሰው በአንድ ጂን ላይ ሁለት ስህተት ተገኘበት እንበል። ሁለቱም በእናት ወገን ቅጂ ላይ ከሆኑ የአባት ወገኑ ጤነኛ ቅጂ ሥራውን ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ ችግር የለም። አንዱ በእናት፣ አንዱ በአባት ወገን ከሆነ ግን ጤነኛ ቅጂ አልቀረም። ያው ሁለት ስህተት ነው፤ ትርጉሙ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አጭር ንባብ ስህተቶቹን ለየብቻ ስለሚያያቸው ወላጆቹንም መመርመር የግድ ይሆናል። ወላጅ ከሞተስ? ልጁ በጉዲፈቻ ያደገ ከሆነስ? ረጅም ንባብ ሁለቱን ስህተቶች በአንድ ክር ላይ አይቶ ከታካሚው ደም ብቻ ሊመልስ ይችላል።

ማሽኖቹ እንዴት ያነባሉ?

ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ኦክስፎርድ ናኖፖር የተባለው ኩባንያ ዘዴ ነው። ቀጭን ሽፋን ላይ እጅግ ጠባብ ቀዳዳ አለ። በቀዳዳው ኤሌክትሪክ ያልፋል። የዲኤንኤ ክር በቀዳዳው እየተሳበ ሲያልፍ እያንዳንዱ ፊደል የኤሌክትሪኩን ፍሰት በራሱ መንገድ ያውከዋል። ማሽኑ ያንን መታወክ ወደ ፊደል ይተረጉማል። በአንድ ቀዳዳ በሰከንድ 400 ያህል ፊደል ያልፋል። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ዴቪድ ዲመር ሐሳቡን በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የነደፈው በ1989 ነበር። ሚንአዮን የሚባለው ትንሽ መሣሪያ ተመራማሪዎች እጅ የገባው ግን በ2014 ነው። 25 ዓመት ማለት ነው። የዚህ ዘዴ ንባብ ወሰን የለውም ማለት ይቻላል፤ ከ4 ሚሊዮን ፊደል በላይ በአንድ ክር የተነበበበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ፓክባዮ የተባለው ኩባንያ ዘዴ ነው። በጣም ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ አንድ አንድ ኢንዛይም ተቀምጦ ዲኤንኤ ይቀዳል። ፊደል በገባ ቁጥር ብርሃን ብልጭ ይላል፤ ካሜራ ያያል። ብልሃቱ ዲኤንኤውን እንደ ቀለበት አድርጎ መዝጋቱ ላይ ነው። ኢንዛይሙ በቀለበቱ ላይ ደጋግሞ ይዞራል። አንድ ጽሑፍ አሥር ጊዜ ሲነበብ በአንደኛው ዙር የተሳተው በሌላው ይታረማል። በ2019 ይፋ የሆነው ሃይፋይ የሚባለው አሠራር ከ15 እስከ 20 ሺህ ፊደል የሚረዝም ንባብ በ99.9 በመቶ ትክክለኛነት ይሰጣል።

ይህ ትክክለኛነት ዋናው ቁም ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የረጅም ንባብ ማሽኖች ከመቶ ፊደል አሥሩን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሳሳቱ ነበር። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ለታካሚ መልስ መስጠት አይቻልም። ሐኪሞች መጠራጠራቸው ልክ ነበር። ያ ጊዜ ግን አልፏል።

የማሽኖቹ ትልቁ ፈተና የሰው ጂኖም ራሱ ነበር። በ2003 «ተነቦ አለቀ» ሲባል 8 በመቶ ያህሉ ገና አልተነበበም ነበር። አዳም ፊሊፒ እና ካረን ሚጋ የመሩት የተመራማሪዎች ኅብረት በ2022 ያንን ቀዳዳ ደፈነው። ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጋ ፊደል ተጨመረ። በቀጣዩ ዓመት የዋይ ክሮሞሶም 62 ሚሊዮን ፊደሎች ሙሉ በሙሉ ተነበቡ፤ ከዚያ በፊት ከግማሽ በላዩ ባዶ ነበር። እስቲ አስቡት። ሰው «ሁሉም ተነቧል» ብሎ ባመነባቸው ሃያ ዓመታት ገደማ ውስጥ ስንት ታካሚ ባልተነበበው ገጽ ምክንያት ያለ መልስ ተሸኝቷል?

ሰዓት ሲቆጥብ

ናኖፖር ንባቡ ሲያልቅ ሳይሆን እየተነበበ እያለ ውጤቱን ይሰጣል። ይህ በድንገተኛ ክፍል ትልቅ ነገር ነው። በዩዋን አሽሊ የሚመራው የስታንፎርድ ቡድን በ2022 ባወጣው ጥናት የአንድን ሰው ጂኖም በ5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ አነበበ፤ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ሌላ ታካሚ ደግሞ ከደም ናሙና እስከ በሽታው ስም 7 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ብቻ ፈጀበት። በጥናቱ ከተካተቱት 12 ጽኑ ሕሙማን 5ቱ መልስ አገኙ። እውነቱን ለመናገር እዚያ ላይ የረዳው በዋናነት ፍጥነቱ እንጂ ርዝመቱ አልነበረም። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ዘገባ ይደባልቃቸዋል።

ሦስተኛ ጸጋም አለ። ማሽኖቹ ዲኤንኤውን ሳያባዙ በተፈጥሮ መልኩ ስለሚያነቡት በፊደላቱ ላይ የተለጠፉትን ኬሚካላዊ ምልክቶች ያያሉ። ሜቲሌሽን ይባላሉ። ጂን መብራቱ በርቶ ወይም ጠፍቶ እንደሆነ ይጠቁማሉ። ፕራደር ዊሊ እና አንጀልማን የሚባሉት በሽታዎች በክሮሞሶም 15 ላይ ከአንድ ቦታ ይነሳሉ፤ አንዱ የሚመጣው የአባት ወገን ድርሻ ሲጎድል፣ ሌላው የእናት ወገን ሲጎድል ነው። ያንን የሚለየው ይህ ምልክት ነው።

ካንሰርም የራሱ የሜቲሌሽን ምልክት አለው። በ2023 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ስተርጅን የሚባል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም አሳዩ። ቀዶ ጥገናው እየተካሄደ ከአእምሮ ዕጢ ትንሽ ይቆረጣል፤ በናኖፖር ይነበባል፤ ፕሮግራሙ የዕጢውን ዓይነት ይናገራል። በ25 ቀዶ ጥገናዎች ላይ ተሞክሮ በ18ቱ ትክክለኛውን መልስ ሰጠ፤ ከናሙና እስከ መልስ 90 ደቂቃ አልሞላም። በቀሪዎቹ 7 በቂ እርግጠኝነት ስላላገኘ ዝም አለ። ይህ ዝምታ ደስ ይለኛል። ቀዶ ሐኪሙ ጭንቅላት ከፍቶ ቆሞ «ምን ያህል ልቁረጥ?» እያለ በሚያስብበት ሰዓት በድፍረት የተሳሳተ መልስ ከመስጠት ዝም ማለት ይሻላል።

በተላላፊ በሽታዎችም ሥራው ቀጥሏል። በ2015 ጊኒ ውስጥ በኢቦላ ወረርሽኝ ጊዜ ተመራማሪዎች ሚንአዮንን በሻንጣ ይዘው ሄደው 142 ናሙናዎችን እዚያው አነበቡ፤ ቫይረሱ ከየት ወዴት እንደሚተላለፍ ለመከተል ረድቷል። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒት የተላመደ ቲቢን በዲኤንኤ ንባብ መለየትን በ2024 መመሪያው ውስጥ ሲያስገባ ከመረጣቸው ምርመራዎች መካከል በናኖፖር የሚሠራ አለበት።

ማንበብ አንድ ነገር፣ መረዳት ሌላ

አሁን የሚያሳስበኝ ነገር ላይ ልምጣ። ረጅም ንባብ ለሁሉም መልስ አይሰጥም። በአጭር ንባብ መልስ ካጡት ሰዎች መካከል ዛሬ በረጅሙ ቢነበቡም አብዛኞቹ ያለ መልስ ይቀራሉ። ይህን ለቤተሰብ አስቀድሞ መንገር ግዴታ ነው። ተስፋ ሰጥቶ መንሳት ከሕመሙ ይከፋል።

ምክንያቱም ትልቁ ማነቆ ማሽኑ አይደለም። አንድ ሺህ ፊደል የጎደለበት ቦታ ተገኘ እንበል። ይህ ጉድለት በሽታ ነው ወይስ ብዙ ጤነኛ ሰው ጋ ያለ ልዩነት? ለማወቅ የብዙ ጤነኛ ሰዎችን ረጅም ንባብ ማነጻጸር ይጠይቃል። ያ መዝገብ ገና ልጅ ነው። ማነጻጸሪያ ሆኖ የኖረው ዋናው የሰው ጂኖም 70 በመቶ ያህሉ ከአንድ ሰው የተወሰደ ነበር። አንድ ሰው! በ2023 የ47 ሰዎችን ጂኖም የያዘ «የጋራ ጂኖም» ታትሞ በቀድሞው ላይ ያልነበረ 119 ሚሊዮን ፊደል ጨመረ። ትልቅ እርምጃ ነው። ግን 47 ሰው የስምንት ቢሊዮን ሕዝብ ወኪል ሊሆን አይችልም። ወገኖቹ መዝገቡ ውስጥ የሌሉ ታካሚ ሲመረመር ወረቀቱ ላይ የሚጻፍለት «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» ነው። ያም ሌላ ዓይነት «አልተገኘም» ነው። በዚህ ካልታሰበበት አዲሱ ማሽን የድሮውን አድልዎ ይዞ ይቀጥላል።

ዋጋውም አለ። በ2022 ፓክባዮ ሬቪዮ የሚባለውን ማሽን ሲያስተዋውቅ የአንድ ሰው ጂኖም ከ1,000 ዶላር በታች እንደሚነበብበት ገለጸ። በዚያው ዓመት የአጭር ንባቡ ኢሉሚና በኖቫሴክ ኤክስ ማሽኑ ዋጋውን እስከ 200 ዶላር እንደሚያወርደው ተናገረ። ይህ ደግሞ የኬሚካሉ ወጪ እንጂ የባለሙያው፣ የኮምፒውተሩና የማሽኑ መግዣ አይደለም። ስለዚህ ለጊዜው ለሁሉም ታካሚ በመጀመሪያ ረጅም ንባብ ይታዘዝ የሚለውን አልደግፍም። ምልክቱ ድግግሞሽን የሚያስጠረጥር ከሆነ፣ ጂኑ መንትያ ካለው፣ ወይም የመጀመሪያው ምርመራ አንድ ስህተት ብቻ አግኝቶ ሁለተኛው ከጠፋ፣ እዚያ ላይ ግን ማዘግየት ትክክል አይመስለኝም።

ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል? ወረቀቱን አለመጣል። የተሠራው ምርመራ ጥቂት ጂኖችን ብቻ ያየ ነው፣ ፕሮቲን የሚሠሩትን ክፍሎች ብቻ ነው፣ ወይስ ሙሉ ጂኖሙን? በአጭር ንባብ ነው በረጅም? ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር የለበትም። ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ የድሮው መረጃ እንደገና እንዲታይ መጠየቅም ይቻላል፤ አንዳንዴ ማሽን ሳይቀየር፣ አዳዲስ ጂኖች ስለታወቁ ብቻ መልስ ይገኛል። ላቦራቶሪዎችም አንድ ነገር ቢያደርጉ እወዳለሁ። «ምንም አልተገኘም» ብለው ሲጽፉ «እነዚህን ቦታዎች ግን ማንበብ አልቻልንም» የሚል መስመር በግልጽ ይጨምሩ፤ ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ጽሑፍ ሳይሆን ከውጤቱ ጎን።

ለረጅም ንባብ የተጠራ ታካሚ እንደገና ደም ስጥ ቢባል የቀድሞው ጠፍቶ ነው ብሎ አይደንግጥ። ረጅም ንባብ ረጅም ክር ይፈልጋል። ከዓመታት በፊት የወጣ፣ ደጋግሞ ቀዝቅዞ የቀለጠ ዲኤንኤ ብዙ ጊዜ ተሰባብሯል። በፎርማሊን የተቀመጠ የዕጢ ናሙና ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ለአጭር ንባብ ስባሪውም ይበቃል። ለዚህኛው ግን አዲስ ደም ተቀድቶ፣ ሳይናወጥና ክሩ ሳይበጠስ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት።